የላይኛው ክር

አሁን የምጽፈውን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም በትክክል አልነገርኩም። ባለፈው ዐቢይ ጾም ንስሐ ስገባ «ዋሽቻለሁ» ብዬ ነበር። አባ ብዙ አልጠየቁኝም። ስግደት አዘዙኝ፣ ሰገድኩ። ግን ማንን እንደ ዋሸሁ፣ ምን ብዬ እንደ ዋሸሁ፣ ለምን እንደ ዋሸሁ ስላልተናገርኩ፣ የሰገድኩት ለሌላ ሰው ኃጢአት ይመስለኛል። ዝም ብሎ «ዋሽቻለሁ» ማለትማ ማንን ያቅተዋል?

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለማልችል ነው የምጽፈው። ይህን የምላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ዓይን አፋርነቴ ያን ቀን ከመዋሸት አላገደኝም።

ቤታችን ነፋስ ስልክ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ በእጅ በምትዞር አሮጌ የስፌት መኪና የሰፈሩን የክርስትና፣ የዓመት በዓልና የትምህርት ቤት ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። እኔ አንድ ልጇ ነኝ። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ከጎኗ ተቀምጬ ጨርቅ ልገፋላት ስሞክር መርፌው ጣቴን ወጋኝ። እናቴ ደንግጣ ደሙን አጠበችልኝ፤ ጣቴን ሳመችና «አንቺ መጽሐፍሽን ያዢ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም» አለችኝ።

በደግ ልብ ነው ያለችው። አውቃለሁ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመኪናዋ አጠገብ ያለው በርጩማ የእኔ መሆኑ ቀረ። እናቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አወጣች፦ ጨርቁን ከላይ ተጭና የምትይዘውን ብረት፣ እግር የምንላትን፣ ወደ ታች ሳያወርድ ማንም መርፌውንም ክሩንም አይነካም። እግሯ ከወረደች ጣት ከመርፌው ሥር መግቢያ አያገኝም። ሕጉ የወጣው በኔ ጣት ምክንያት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ጫልቱ የመጣችው ከለቡ ነው። ለቡ ከኛ ሰፈር በእግር አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ሁሉም እርሻ ነው። አባቷ ለዓመታት ጤፍና ሽምብራ የሚያመጡልን ሰው ናቸው። አንድ ቀን ልጃቸውን አስከትለው መጡ። እሳቸው ከአባቴ ጋር ሲነጋገሩ ልጅቷ እናቴ አጠገብ ቆማ መርፌው ሲወጣና ሲወርድ ታያለች። እናቴ ቁራጭ ጨርቅ ሰጠቻት። በሳምንቱ ጫልቱ ብቻዋን መጣች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። ዕድሜያችን እኩል ነበር። ማንበብና መጻፍ አልተማረችም። እናቴን በኦሮምኛ፣ እናት እንደ ማለት፣ «አዮ» ትላታለች፤ እናቴም «ልጄ» ትላታለች።

እኔን እናቴ የምትጠራኝ በስሜ ነው፤ «ሂሩት» ብላ።

ቅናት ምን እንደሚመስል የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ቅናት ጆሮ ነው። መኝታ ክፍሌ ውስጥ መጽሐፍ ዘርግቼ ተቀምጬ፣ ከሳሎን የሚመጣውን ሁሉ እሰማ ነበር። እናቴ «እጅጌውን እንደዚህ ያዢው፣ አዎ፣ ጎሽ» ስትል እሰማለሁ። ሁለቱ ሳያወሩ ረጅም ሰዓት ሲቀመጡ ደግሞ ዝምታቸውን እሰማለሁ። የሚያስቀናኝ ይበልጥ ዝምታቸው ነበር። እኔና እናቴ ዝም ስንል የምንለው ስለጠፋን ነው፤ እነሱ ዝም ሲሉ ግን አንድ ልብስ በአራት እጅ እየሠሩ ነው።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ቀልደኛ ናቸው። የቀሚሳቸውን ጠርዝ ሊያስጠልፉ መጥተው፣ እኔ ከዩኒቨርሲቲ ደብተሬን ታቅፌ ስገባ አዩኝና «እንዲያው ሂሩትዬ፣ ነገ የባልሽ ኮት ቁልፍ ሲበጠስ ምን ልታደርጊለት ነው? እንግሊዝኛ ልታነቢለት?» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። ጫልቱም ሳቀች፤ ወዲያው ግን አፏን በእጇ ያዘች።

«ቁልፉን እኔ እተክልላታለሁ» አለች። «እሷ ደግሞ ለኔ ደብዳቤ ታነብልኛለች።»

«ደብዳቤ ከማን ሊመጣልሽ ነው አንቺ?» አሏት እትዬ አስካለ።

«እስኪመጣ ነዋ።»

እንደገና ተሳቀ። አሁን ሳስበው ጫልቱ ያን ቀን እጇን ዘርግታልኝ ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ሳቁን ብቻ ነው። ፊቴ ጋለ፤ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

በዚያው ዓመት፣ እኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ አባቴ ወደ አገራቸው ከሚመለሱ የውጭ ሰዎች ለእናቴ አንድ ደህና የስፌት መኪና ገዛላት። በእግር የሚረገጥ ነው፤ ጠረጴዛው እንጨት ነው፤ በመሳቢያው ውስጥ ሥዕል ያለበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አለው። እናቴ መኪናውን በለስላሳ ጨርቅ ስትወለውለው ዋለች። ዓይኗ እየደከመ ስለነበር መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባላት ጫልቱ ናት።

አዲሱ መኪና ሲመጣ የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ክር በላዩ ላይ ነበር። እናቴ በአሮጌዋ እንደለመደችው አደረገች፦ አሮጌውን ክር መዝዛ አታወጣም፤ የአዲሱን ክር ጫፍ ከአሮጌው ጭራ ጋር ትቋጥርና ቀስ ብላ ትስባለች። አዲሱ ክር አሮጌው ባለፈበት መንገድ ሁሉ ያልፋል፤ ቋጠሮው መርፌው ጋ ሲደርስ ትቆርጠዋለች። እንዲህ ስለሚደረግ ለሁለት ወር ያህል ማንም ክሩን ከመጀመሪያ ጀምሮ አላስገባም፤ መኪናውም እንደ ውኃ ሰፋ።

ፒያሳ የልብስ ሱቅ ያላት፣ ሁሉም ማዳም የሚላት አንዲት የውጭ አገር ሴት ነበረች። እናቴ ለሷ ጠርዝ እየጠለፈች ትልክላታለች። ማዳም እጀ ጥሩ ልጅ እንደምትፈልግ ስትናገር እናቴ ጫልቱን ይዛት ሄደች። ማዳምም ሰማያዊ ሐር ቆርጣ ሰጠቻቸው፤ የሕፃን ልጅ ቀሚስ ይሆናል። ማክሰኞ ሰጠች፤ ቅዳሜ ረፋድ ራሷ መጥታ ታየዋለች። ስፌቱ ንጹሕ ከሆነ ጫልቱ ሱቁ ትቀጠራለች።

ይህ ለጫልቱ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ አልሸሽም። አባቷ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ለጋብቻ የጠየቁ ሽማግሌዎች ነበሩ። «ሥራ ካገኘሽ ሥሪ፤ ካላገኘሽ ግን ሰው አስጠብቄ አላስቀምጥም» ብለዋታል። ጫልቱ ይህንን ለእናቴ ስትነግራት በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ። ማግባት እንደማትጠላ፣ ግን መጀመሪያ በእጇ ሠርታ ማየት እንደምትፈልግ ነው የተናገረችው። እናቴም «ታያለሽ» አለቻት።

ረቡዕ የፈተና ውጤት ተነገረኝ። ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቼ ነበር። ከአውቶቡስ ወርጄ እየሮጥኩ ነው ቤት የገባሁት። እናቴ «ጎበዝ፣ እግዚአብሔር ይጨምርልሽ» አለችና፣ ዞር ብላ፣ እዚያው ተቀምጠው ለነበሩት ለእትዬ አስካለ የሐሩን አንገት ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«አየሽው ይሄን አቆራረጥ? እጄን የወረሰችው ይቺ ናት» አለች። «ማዳም ከቀጠረቻት መኪናውን ለሷ ነው የምሰጣት። እኔ ከእንግዲህ ምን ዓይን አለኝ?»

በር ላይ ቆሜ ነበር። ውጤቱ የተጻፈበት ወረቀት በእጄ ነበር። ወረቀቱን እናቴ ልታነበው አትችልም፤ የሐሩን አንገት ግን ታነበዋለች። እሷ የምታነበው ቋንቋ የተጻፈው በሌላ ሰው እጅ ነበር።

አሁን ወደ ድርጊቴ ልምጣ። እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ምክንያት እንዳይመስላችሁ እፈራለሁ።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ እናቴ ለቅሶ ቤት ሄዳ ነበር። ለሐሩ የሚሆነው ክር በጣም ቀጭን ስለነበር ከአሮጌው ጋር ተቋጥሮ ሲሳብ መሐል መንገድ ላይ ተበጠሰ። ስለዚህ ጫልቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ክሩን ከመጀመሪያ ጀምራ አስገባችው። እናቴ እንዳስተማረቻት እግሩን አወረደች፤ ከዚያ ክሩን በየመንገዱ አሳለፈች። አንዳች አላጎደለችም። በቁራጭ ጨርቅ ላይ ስትሞክረው ከላይ ደህና ነው፤ ከታች ግን ክሩ እንደ በግ ፀጉር ተጠቅልሎ ተከምሯል። አወጣችው፤ ደግማ አስገባችው፤ ያው ነው።

የክፍሌን በር አንኳኳች። መጽሐፉን ከመሳቢያው አውጥታ ይዛዋለች።

«ሂሩትዬ፣ ከጥናትሽ ላቋርጥሽ» አለች። «እስኪ ይሄ ምን ይላል?»

መጽሐፉን ተቀበልኳት። ከመጨረሻው አጠገብ በሁለት ረድፍ የተከፈለ ገጽ አለ። በአንዱ ረድፍ የሚታየው ብልሽት፣ በሌላው ምክንያቱና ማስተካከያው። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ አገኘሁት። እንዲህ ይላል፦ ከጨርቁ ሥር ክር ተጠቅልሎ ከታየ፣ ጥፋቱ የታችኛው ክር አይደለም፤ የላይኛው ክር በቦታው አልገባም ማለት ነው፤ እግሩን ወደ ላይ ያንሱና ክሩን እንደገና ያስገቡ። «አይደለም» የሚለው ቃል በወፍራም ቀለም ነው የታተመው። ብዙ ሰው እንደሚሳሳት መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ያውቁ ነበር። ከሥሩም ምክንያቱን ዘርዝረዋል። ክሩን ጨብጠው የሚይዙት ሁለት ትናንሽ ክብ ብረቶች እግሩ ሲነሳ ይከፈታሉ፤ እግሩ ሲወርድ ይዘጋሉ። ተዘግተው ሳለ የገባ ክር በላያቸው ያልፋል እንጂ መሐላቸው አይገባም።

ሁሉም ወዲያው ገባኝ። የእናቴ ሕግ ለአሮጌዋ መኪና ደህና ነበር፤ ለዚህኛው ግን ጠንቅ ነው። እግሩን አንስታ ክሩን ደግማ ብታስገባ በቃ፣ አለቀ። አምስት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር።

ጫልቱን አየኋት። በር ላይ ቆማለች፤ ሁለት ጣቶቿ መሐል ሰማያዊ የክር ቁራጭ ይዛለች። ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ሳይሆን አፌ ላይ ነበር።

«የታችኛው ክር ላልቶ ነው ይላል» አልኩ። «የቦቢኑን ቤት ብሎን አጥብቂው።»

ቦቢን የታችኛው ክር የሚጠቀለልባት ትንሽ ብረት ናት፤ ቤቷ ላይ ክሩን የምትይዝ ቀጭን ብረትና እሷን የምታጠብቅ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ብሎን አለች። መጽሐፉ በሌላ ገጽ ይህችን ብሎን ሳያስፈልግ አትንኳት ይላል። ያንንም አንብቤዋለሁ።

ጫልቱ ትንሽ አሰበች። «ጣቴ ግን ላይኛው ነው ይለኛል» አለች። «ስስበው ዝም ብሎ ይመጣል፤ የሚይዘው ያለ አይመስልም።»

ልክ ነበረች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የሚለውን ጣቷ ነግሯታል። ያኔም ቢሆን መመለስ እችል ነበር። «ቆይ፣ ደግሜ ልየው» ብል ማን ይታዘበኝ ነበር?

«መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው» አልኩ።

«እንግዲህ መጽሐፍ ከጣቴ ይበልጣል» አለች፤ አመስግናኝ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

እኔ ይህን አደረግሁ። መርፌ አልሰበርኩም፤ ጨርቅ አልቀደድኩም፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ገለበጥኩ። የተማርኩት ለዚህ ነበር? አባቴ ከደሞዙ እየቀነሰ ያስተማረኝ፣ ማንበብ የማትችል ልጅ ላይ እንዳነብባት ነው?

እናቴ ስትመለስ ከታች የተከመረውን ክር አይታ መጣችና መጽሐፉ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ለሷም ያንኑ አልኳት። ሁለተኛው ውሸት ቀለለኝ። ከዚያ ሁለቱም ተያያዙት። ብሎኑ በጠበቀ ቁጥር የታችኛው ክር እየከረረ ላላውን የላይኛውን ክር ይበልጥ ወደ ሥር ይስበዋል። ይበልጥ ሲጠብቅ ይበጠሳል። ዓርብ ቀኑን ሙሉ መርገጫው ሲንቀሳቀስና ሲቆም፣ ሲንቀሳቀስና ሲቆም እሰማ ነበር። በቁራጩ ላይ ትንሽ የተሻለ ሲመስላቸው ሐሩ ላይ ይሞክሩታል፤ ከዚያ ይፈቱታል። ሐር ደግሞ ይቅር አይልም፤ መርፌ የገባበት ቀዳዳ አይጠፋም። አሮጌዋን መኪና እንዳይጠቀሙ ስፌቷ ለሐር ሻካራ ነበር።

ሦስት ጊዜ ከወንበሬ ተነሳሁ። አንድ ጊዜ የበሩን እጀታ ይዣለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ ነው የማስተካክለው? ተሳስቼ ነበር ብል እናቴ ታምነኝ ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ እፍረቱ አይደለም የያዘኝ። እናቴ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫልቱን በቁጣ ስትናገራት ሰማሁ፤ «ምን ነክቶሻል ዛሬ?» ስትላት። ያንን መስማት ፈልጌ ነው የተቀመጥኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ከብሎኗ ሥር ያለችው ቀጭን ብረት ተሰበረች። ማዳም በመኪናዋ መጣች። ቀሚሱን ገለበጠች፤ አውራ ጣቷን በስፌቱ መስመር ላይ አስኬደች፤ ቀዳዳዎቹን ወደ ብርሃን ይዛ አየች። አልተቆጣችም። ሌላ ልጅ እንደምትፈልግ፣ እናቴ ግን ጠርዙን መጥለፍ እንድትቀጥል በአማርኛ ተናገረች።

እናቴ አፈረች። ያፈረ ሰው የሚናገረውን ታውቃላችሁ። «ምን ላድርግ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ለማዳም። «ሞፈር የለመደ እጅ አምጥቼ ሐር አስያዝኩት።»

ጫልቱ እዚያው ቆማ ነበር። ነጠላዋን ከምስማሩ ላይ አወረደች፤ የእናቴን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል እናቴ ፊቷን አዞረች። ከደጃፉ ጥግ እኔን ስታየኝ ቆም አለችና «አንቺማ ደክመሽልኝ ነበር፤ እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።

ሄደች። ከዚያ በኋላ ቤታችን አልመጣችም።

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉም ይከብደኛል፤ ግን ደስ አለኝ። ምሳ ስንበላ እናቴ አጠገቧ ቁጭ እንድል ጠራችኝ፤ ጉረሺ ብላ አጎረሰችኝ። አንድ ሳምንት ያህል እናቴ የኔ ብቻ የሆነች መሰለኝ። ከዚያ ግን አዲሱን መኪና በአንሶላ ሸፈነችው። በአሮጌዋ ትንሽ ትንሽ ሠራች፤ መርፌ ውስጥ ክር ላስገባላት ስሞክር ክሩ ከቀዳዳው ጎን ያልፍብኛል፤ «ተይው» ትለኛለች። ቀስ በቀስ ያንንም ተወችው። በርጩማው ባዶውን ቀረ። ያን ያህል የቀናሁበት በርጩማ! አንድም ቀን አልተቀመጥኩበትም።

ጫልቱ በጥር ተዳረች። አባቷ አባቴንና እናቴን ጠሩ። እናቴ ጨርቅ ላከች፤ እሷ ግን አልሄደችም፤ እኔም ፈተና አለብኝ አልኩ። ፈተና አልነበረብኝም። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ቀን ከአውቶቡስ ስወርድ በመንገዱ ዳር ጭድ በአህያ ጭና ስትመጣ አየኋት። እሷም ያየችኝ መሰለኝ። ደብተሬን ፊቴ ላይ ከፍ አድርጌ፣ የማነብ መስዬ አለፍኩ።

አራት ዓመት ሆነው። ተመርቄያለሁ። አሁን በአንድ መሥሪያ ቤት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። አለቃዬ የኔን ትርጉም ማንም መልሶ ማየት እንደማያስፈልገው ለሌሎች ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ሰዎች ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት አስቀምጠው «እስኪ ይሄ ምን ይላል?» ሲሉኝ፣ ከመመለሴ በፊት ሁልጊዜ ትንሽ እዘገያለሁ። ጥንቃቄ ይመስላቸዋል።

ዘንድሮ በፍልሰታ ጾም እናቴ ልትቆርብ ፈለገች። ነገር ግን አንድ ነገር ከልቧ አልወጣ አላት፤ ያን ቀን ያወጣችው ቃል። ያስቀየመችውን ሰው ይቅርታ ሳትጠይቅ እንደማትቀርብ ነገረችን። አባቴ እሱ ሄዶ እንደሚነግርላት ቢያባብላት እምቢ አለች። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የላስቲክ ጫማዋን አድርጋ ወደ ለቡ ተነሳች። ዓይኗ ስለማያይ የምይዛት እኔ ነበርኩ። ጭቃው ጉልበታችን ድረስ ነበር። ሁለት ጊዜ ቆመን አረፍን። በዚያ መንገድ ሁሉ ልነግራት እችል ነበር፤ እኔ የነገርኳት ግን ጉድጓዱ የት እንዳለ ብቻ ነው።

ጫልቱ ቤት ስንደርስ ልጇን አዝላ ገብስ ስታሰጣ አገኘናት። እናቴ ድምፅዋን ስትሰማ እጄን ለቀቀች፤ ደጃፉ ላይ፣ ጭቃው ላይ፣ ለመንበርከክ ዝቅ አለች። ጫልቱ ሮጣ ትከሻዋን ያዘቻት።

«አዮ፣ አዮ፣ ምን ሆነሽ ነው? ተነሽ።»

«ያን ቀን ያልኩሽን ቃል ይቅር በይኝ። እጅሽን ሰደብኩት። እኔ ያስተማርኩትን እጅ።»

«ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ» አለች ጫልቱ። እያለቀሰች ነበር። «መኪናሽን የሰበርኩት እኔ፤ ሐሩን ያበላሸሁት እኔ። እሷ አንብባ ነግራኝ ነበር» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። «እኔ ነኝ ያልገባኝ። አራት ዓመት ሙሉ ምኑን እንዳጠፋሁት ሳስበው ነው የኖርኩት።»

ሁለቱ ተቃቅፈው ተላቀሱ። አንዷ የሌላዋን ይቅርታ ትለምናለች፤ ሌላዋ መልሳ ትለምናለች። ሁለት ምንም ያላጠፉ ሰዎች የኔን ጥፋት ተካፍለው ተሸክመውት ነበር፤ አሁን ደግሞ ፊት ለፊቴ ይቅር ይባባሉበታል። እኔ ጃንጥላ ይዤ ቆሜያለሁ። ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ ይመጣል? አፌን ከፈትኩ። ልጁ ከእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ አየኝ። አፌን ዘጋሁ።

ከዚያ ገብተን ቆሎ አቀረበችልን። እናቴ ፊቷ በርቶ ነበር። የተሰበረችውን ብረት የሚተካ መርካቶ አስፈልጋ ማግኘቷን፣ ድሮ እንዳሰበችው መኪናው የጫልቱ መሆኑን ነገረቻት፤ ቅዳሜ መጥታ እንድትሞክረው ለመነቻት። ጫልቱ መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ ሻክሯል። ረስቼዋለሁ አለች፤ እናቴ ግን እጅ አይረሳም ብላ አደፋፈረቻት። በመጨረሻ እሺ አለች። ልትሸኘን ስትወጣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ሂሩትዬ፣ ያ መጽሐፍ አለ?»

«አለ» አልኩ።

«እንግዲያው ቅዳሜ ደግመሽ ታነቢልኛለሽ። ያኔ ምኑ ላይ እንደሳትኩ ልወቀው።»

እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከእሑድ ጀምሮ አንድ መልስ ተዘጋጅቶ አፌ ላይ አለ። ማንም የሚያምነው መልስ ነው፦ ያኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፣ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር፣ ላይና ታች ተምታቶብኝ ነው። እንዲህ ብላት ጫልቱ ትስቅ ይሆናል፤ «እኔ ደግሞ አራት ዓመት ራሴን ስወቅስ» ትለኛለች፤ እናቴ አትቆጣኝም፤ እትዬ አስካለም ለሳምንት ይቀልዱብኛል። ሁሉም በሰላም ያልቃል። ይህ መልስ እንዴት ጥሩ መልስ እንደሆነ የማውቀው በየቀኑ ስለምለማመደው ነው።

ይህንን የጻፍኩት መልሱን ከራሴ ለመንጠቅ ነው። ቅዳሜ ጫልቱ ስትመጣ፣ እናቴም ባለችበት፣ ገጹን ገልጬ ያለውን አነባለሁ፤ ከዚያም ያን ሐሙስ ምን አንብቤ ምን እንዳልኩ፣ ለምንም እንደሆነ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ይቅር ማለትም አለማለትም የእነሱ ነው፤ እኔ አልለምናቸውም። ያለ ጥፋታቸው ጭቃ ላይ ቆመው እርስ በርስ ይቅርታ ሲለማመኑ አይቻለሁ፤ አሁን ደግሞ በኔ ለቅሶ ተገደው ይቅር እንዲሉኝ አልፈልግም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ አልነበረም። ላይና ታች አልተምታታብኝም። አንዲቱም ቃል ሳትቀር ገብታኝ ነበር።